አዲስ ሞኒተር ችግር ይዞ ሲመጣ፦ ማስቀየር፣ ቅናሽ መቀበል፣ በዋስትና መላክ ወይስ ማስጠገን?

ከደሴ ፒያሳ ወይም ከኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ቤት የተገዛ አዲስ ሞኒተር ቤት ደርሶ ሲበራ ጥቁር ነጥብ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጥግ ላይ የሚያበራ ጭጋግ ወይም ብልጭ ድርግም ማለት ሊያሳይ ይችላል። ገዢው ያኔ አምስት አማራጭ አለው፤ እዚያው ቤት ማስተካከል፣ ለሻጩ መልሶ ማስቀየር ወይም ገንዘብ መቀበል፣ ቅናሽ አስደርጎ መያዝ፣ በአምራቹ ዋስትና መላክ፣ ወይም ጥገና ቤት መውሰድ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ቅደም ተከተሉን በማዛባቱ ነው። ጀርባው የተከፈተን ሞኒተር ሻጩም አምራቹም አይቀበሉትም። «ትንሽ ልየው፣ ምናልባት ይለቀው ይሆናል» እየተባለ ሦስት ሳምንት ካለፈም ከሻጩ ጋር የሚደረገው ንግግር ይከብዳል።

## መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት አምስት ጥያቄ መመለስ አለበት።

ችግሩ ሞኒተሩ ላይ ነው ወይስ ኬብሉና ኮምፒውተሩ ላይ? ባለበት የሚቆም ነው ወይስ እየባሰ የሚሄድ? ከተገዛ ስንት ቀን ሆነው? ትራንስፖርቱና የሚባክነው የሥራ ቀን ተደምሮ ጠቅላላ ወጪው ስንት ይመጣል? ይህን ብመርጥ ደግሞ የትኛው አማራጭ ይዘጋብኛል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

## ችግሩ የት እንዳለ መለየት

መሣሪያ የማይጠይቁ ሦስት ፍተሻዎች አሉ፤ ሦስቱም ሩብ ሰዓት አይፈጁም።

አንደኛ፣ በሞኒተሩ ግርጌ ወይም ጀርባ ባለው ቁልፍ የራሱን ሜኑ ይክፈቱ። ብራይትነስ የሚስተካከልበት ትንሽ ሳጥን ይመጣል። መስመሩ ወይም ብልጭታው በዚያ ሳጥን ላይም ካለፈ ችግሩ የሞኒተሩ ነው። ሳጥኑ ንጹህ ሆኖ ከኋላው ያለው ምስል ብቻ ከተረበሸ ግን ጥፋቱ ከኬብሉ ወይም ከኮምፒውተሩ ይመጣል፤ ምክንያቱም ሜኑውን የሚሠራው የሞኒተሩ የራሱ ቦርድ እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሞኒተሩ እንደበራ የምስል ኬብሉን ይንቀሉት። «ሲግናል የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ስክሪኑን ይመልከቱ። ኬብል ሳይሰካም መስመሩ ካለ ክርክሩ አልቋል፤ ሞኒተሩ ነው። ይህን በስልክ በቪዲዮ ይቅረጹት፤ ሻጩ «የኮምፒውተርህ ችግር ነው» ቢል መልሱ እዚያ አለ።

ሦስተኛ፣ ችግሩ እየታየ ስክሪንሾት አንስተው በቴሌግራም ወደ ስልክዎ ይላኩ። ስልኩ ላይም ከታየ የግራፊክስ ካርዱ ወይም የድራይቨሩ ጉዳይ ነው። ስልኩ ላይ ንጹህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምስሉን በትክክል ሠርቶታል፤ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጉድለት እየመሰሉ በማስተካከያ ብቻ የሚጠፉ ችግሮች ብዙ ናቸው፤ ሞኒተር ተሸክሞ ወደ ሱቅ ከመመለስ በፊት እነዚህን ማየት ይገባል።

ጽሑፍ ከደበዘዘ ሪዞሉሽኑን ይዩ። ፉል ኤችዲ የተባለ ሞኒተር 1920 በ1080 ላይ ካልሆነ ፊደል አይጠራም። ዊንዶውስ ዲስፕሌይ የሚለው ቦታ ላይ ትክክለኛውን «ሪኮመንድድ» ብሎ ያሳያል። በቪጂኤ ኬብል ከሆነ ሜኑው ውስጥ «አውቶ አጀስት» ይጫኑ፤ ከተቻለ ኬብሉን በኤችዲኤምአይ ይለውጡት።

ጥቁሩ ግራጫ፣ ቀለሙ የታጠበ ከመሰለ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮ ቀለሙን ከ16 እስከ 235 ብቻ እየላከ ነው። በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ ውስጥ «ሊሚትድ» የሚለውን «ፉል» ማድረግ ከ0 እስከ 255 ያለውን ይመልሳል። ስክሪኑ ቢጫ ከመሰለ «ናይት ላይት» ወይም የዓይን መከላከያ ሞድ እንዳልበራ ያረጋግጡ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጥላ ከተከተለው «ኦቨርድራይቭ» ወይም «ሪስፖንስ ታይም» የሚለውን ከከፍተኛው አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ።

ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ መጀመሪያ ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበትን ፍጥነት ወደ 60 ኸርትዝ ያውርዱ፤ ከዚያ ኬብሉን በአጭርና በሌላ ይለውጡ። ቀጥሎ መብራቱ ነው። ሞኒተሩ ማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሰኩበት ዲቫይደር ላይ ከሆነ፣ ምጣዱ በተጋለ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ስክሪኑም ይጠፋል፣ ይበራል። ብቻውን ከግድግዳ ሶኬት ይሰኩትና ምጣድ በሌለበት ሰዓት ይዩት። የውጭ አዳፕተር ያለው ከሆነ በሌላ አዳፕተር መሞከር ይቻላል፤ ግን ቮልቱ ፍጹም እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉ ፖላሪቲም (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጡ) ተመሳሳይ መሆን አለበት። የ12 ቮልት ሞኒተር ላይ የ19 ቮልት ሰክቶ አዲስ ቦርድ ማቃጠል የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በክረምት ጠዋት ከደሴ ብርድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባ ሞኒተር ውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ይችላል። ካርቶኑን ሳይከፍቱ አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩትና ከዚያ ያብሩት።

## የፓነሉ ጉድለት ከሆነስ?

ፓነል የሚባለው ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል ነው። ፍተሻዎቹ ችግሩ የሞኒተሩ መሆኑን ካሳዩ የሚቀጥለው ጥያቄ «ይብሳል ወይስ ይቆማል?» ነው። ለዚህ ፍላሽ ላይ ስድስት ምስሎች ያስቀምጡ፤ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እና መካከለኛ ግራጫ። በፔይንት ምስሉን 1920 በ1080 አድርጎ ቀለም መሙላት ይበቃል። ምስሎቹን አንድ በአንድ ሙሉ ስክሪን ላይ ከፍተው ይመልከቱ። ፍላሹን ሱቅ ሲሄዱም ይያዙት፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ፒክሰል ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ ነው። የሞተ ፒክሰል በነጩ ምስል ላይ ጥርት ያለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። አንድ ቀለም ላይ ተጣብቆ የቀረው ደግሞ በጥቁሩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። 24 ኢንች በሚባለው ፉል ኤችዲ ላይ የአንዱ ፒክሰል ስፋት 0.27 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አቧራ ከሆነ ጠርዙ የደበዘዘና ከዚያ የሚሰፋ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ሲጠረግም ሊለቅ ይችላል። ፒክሰል በራሱ አይዛመትም፤ አንድ የሆነው አንድ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለተጣበቀው ፒክሰል ቀለም በፍጥነት የሚያፈራርቁ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ አሥር ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ነጥቡ ላይ ማስኬድ አንዳንዴ ይለቀዋል፤ የማይለቀውም ብዙ ነው። ጥቁር ለሆነው ግን ተስፋ የለውም። በጣት ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ መጫን የሚመክሩ አሉ፤ አዲስ ሞኒተር ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት። ጭነቱ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ሻጩ ያን ካየ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ይላል፤ እውነትም ይኖረዋል።

መስመር የተለየ ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደ አንድ ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር በሙቀት የተጣበቀው ስስ የሪባን ግንኙነት መላቀቁን ያሳያል። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መላቀቁ ይሰፋል፤ ዛሬ አንድ የሆነው ነገ ሦስት ሊሆን ይችላል። መስመር ያለበትን ሞኒተር የትኛውም ቅናሽ ቢሰጥበት መያዝ አንመክርም።

ጥግ ላይ የሚያበራው ጭጋግ ሁለት ዓይነት ነው። በጨለማ ክፍል ጥቁሩን ምስል ከፍተው ራስዎን ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ብርሃኑ አብሮ ከተንቀሳቀሰና ቀለሙን ከለወጠ አይፒኤስ የሚባለው የፓነል ዓይነት ተፈጥሮ ነው፤ ቢያስቀይሩትም ያው ይመጣል። ቦታውን ሳይለቅ በጠርዙ በኩል ከፈሰሰ ግን የኋላው ብርሃን ማምለጫ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይህ በእያንዳንዱ ሞኒተር ስለሚለያይ ማስቀየር ዋጋ አለው። ፎቶ ሲያነሱ ሁለት ሜትር ያህል ይራቁና የስልኩን ብርሃን ቀንሰው ያንሱ፤ የስልክ ካሜራ በጨለማ ብርሃኑን እጅግ አጋኖ ስለሚያሳይ ባለሱቁ ማስረጃውን በቀላሉ ይጥለዋል።

መስታወቱ ሳይሰነጠቅ እንደ ፈሰሰ ቀለም የተዘረጋ ጥቁረት ካለ የመመታት ምልክት ነው። ይህን የአምራች ዋስትና አይሸፍንም። ከሱቁ ሳይወጡ ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

## ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ

ለአብዛኛው ገዢ የሚሻለው ይህ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። በየሱቁ ግድግዳና በየደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ይጻፋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የግድግዳው ጽሑፍ ይህን አይሽረውም። ዋናው ማስረጃ ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል የሚተርፈው ገንዘብ ይህን መብት ይዞ እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈልጋል። ደረሰኝ ከሌለ በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለበት መልእክትና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉት ቢያንስ ግዢውን ያሳያሉ።

ችግሩን ባዩበት ቀን ደውለው ብቻ አይተዉት፤ የሞኒተሩን ሞዴል፣ ሴሪያል ቁጥርና የችግሩን ቪዲዮ በጽሑፍ መልእክት ይላኩ። «አብሽር፣ ሲሠራ ይለቃል» የሚል መልስ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቅንነት የሚመጣ ነው። እንዲህ ብሎ መመለስ ይበቃል፦ «እሺ ወንድሜ፣ ግን ኬብሉን ነቅዬም መስመሩ አለ፤ ቪዲዮውን ላክሁልህ። ነገ ጠዋት ከነካርቶኑ ይዤው እመጣለሁ።» ቀኑም ማስረጃውም በጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ሰላምታውም አልተበላሸም።

ሲወስዱ ካርቶኑ፣ ፎሙ፣ ኬብሉ፣ አዳፕተሩ፣ እግሩና ብሎኖቹ ሁሉ ይሟሉ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ካልላጡት የተሻለ ነው። ሞኒተር ሁልጊዜ ቆሞ ይጓዛል፤ ተኝቶ ከላዩ ዕቃ የተጫነበት ይሰበራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሲሄዱ ፖርቶ መጋላ ላይ አይስቀሉት፤ ዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ ላይ ካርቶኑ ከወዲያ ወዲህ ሲማታ የተጎዳውን ሻጩ አይቀበልም። ጉልበትዎ ላይ ወይም ለተጨማሪ ወንበር ከፍለው ይዘውት ይሂዱ።

የሚቀየረውን ሞኒተር እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍተው በስድስቱ ምስሎች ይፈትሹ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ሌላ ነጥብ ይዘው ይመለሳሉ። ተመሳሳይ ሞዴል ሁለቴ ችግር ካሳየ ሦስተኛውን አይጠብቁ፤ ሌላ ሞዴል ወይም ገንዘብዎን ይጠይቁ። ሻጩ ጨርሶ እምቢ ካለ ደረሰኙንና መልእክቶቹን ይዞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

በቴሌግራም ከአዲስ አበባ ታዝዞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ የመጣ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ከመክፈል በፊት «በመንገድ ቢጎዳ ወይም ችግር ቢኖርበት የመላኪያውን ማን ይከፍላል?» ብለው በጽሑፍ መልስ ያግኙ። ሲደርስም ከካርቶኑ ፕላስተር መቀደድ ጀምሮ እስኪበራ ድረስ ሳይቋረጥ ቪዲዮ ይቅረጹ።

## ቅናሽ ተቀብሎ መያዝ

ለፒክሰል ነጥብና ለመጠነኛ የጥግ ብርሃን ብቻ የሚሆን ነው። በእኛ ግምት ጥግ ላይ ላለ አንድ ነጥብ ከዋጋው አንድ አሥረኛ፣ መሀል ላይ ላለ አንድ አምስተኛ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ደረሰኙ ላይ ወይም በመልእክት «በአንድ የፒክሰል ነጥብ ምክንያት ቅናሽ ተደርጓል፤ ሌላ ብልሽት ቢመጣ ዋስትናው እንዳለ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ነገ መስመር ሲመጣ «ችግር እንዳለበት አውቀህ ነው የወሰድከው» ይባላሉ።

## የአምራቹ ዋስትና

ካርቶኑ ላይ «የሦስት ዓመት ዋስትና» መጻፉ እዚህ ይሠራል ማለት አይደለም። ብዙ ሞኒተር ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ በግለሰብ አስመጪ የገባ ነው፤ ዋስትናውም በተሸጠበት አገር ሊታሰር ይችላል። ከመግዛት በፊት ሴሪያል ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ማስገባት አገሩንና ቀሪውን ጊዜ ብዙ ጊዜ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የነጥብ ቆጠራ ነው። አምራቾች ጥቂት የተበላሸ ፒክሰልን እንደ ጉድለት አይቆጥሩም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 13406-2 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በሁለተኛ ደረጃ ፓነል ላይ በአንድ ሚሊዮን ፒክሰል ሁለት ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ሁለት ጥቁር፣ አምስት ደግሞ ከፊል የተበላሸ ይፈቅድ ነበር። ፉል ኤችዲ 2,073,600 ፒክሰል ስላለው ወደ አራት፣ አራት እና አሥር ይመጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. በቦታው አይኤስኦ 9241-307 ተተክቷል፤ «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ይታለፋል» የሚለው አሠራር ግን ቀጥሏል። ስለዚህ በአንድ ነጥብ አዲስ አበባ ድረስ መላክ ትርፉ ድካም ነው። ለመስመር፣ ለብልጭታና ጨርሶ ለማይበራ ሞኒተር ግን የ15 ቀኑ ካለፈ ዋስትና ካለ መሄድ ያለበት እዚህ ነው። ለሳምንታት ያለ ሞኒተር መቆየት እንደሚኖርና በምትኩ የሚመጣው የታደሰ ሊሆን እንደሚችል ቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

## ጥገና ቤት

የመጨረሻው ይሁን። የደሴና የኮምቦልቻ ጠጋኞች አዳፕተር፣ የመብራት ቦርድ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ የተነቀለ የኤችዲኤምአይ ማስገቢያ፣ የማይሠራ ቁልፍ በደንብ ይሠራሉ። የፓነል መስመር ግን የሪባኑን ግንኙነት በሙቀት መልሶ የሚያጣብቅ ልዩ ማሽን ይፈልጋል። ጠርዙን ፎም ጎስጉሶ መጫን መስመሩን ለጥቂት ጊዜ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። ፓነል መቀየር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም፤ የሞኒተሩን ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፓነሉ ነው፤ ከጀርባው ያለው ቁጥርም ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለየትኛው ችግር | ወጪ | ጊዜ | የሚዘጋው |
|---|---|---|---|---|
| ቤት ማስተካከል | ድብዝዝታ፣ የታጠበ ቀለም፣ የኬብልና የመብራት ብልጭታ | የለም ወይም የኬብል ዋጋ | አንድ ቀን | ምንም |
| ማስቀየር/ገንዘብ ማስመለስ | ማንኛውም የፓነል ጉድለት | ትራንስፖርት | በ15 ቀን ውስጥ | ምንም |
| ቅናሽ | 1–2 ነጥብ፣ መጠነኛ የጥግ ብርሃን | የለም፤ ገንዘብ ይመለሳል | እዚያው | በዚያ ጉድለት ማስቀየርን |
| የአምራች ዋስትና | መስመር፣ አለመብራት፣ ከ15 ቀን በኋላ | መላኪያ | ሳምንታት | ጥቂት |
| ጥገና ቤት | የመብራት ቦርድ፣ ማስገቢያ፣ ቁልፍ | እንደ ዕቃው | ቀናት | ማስቀየርንም ዋስትናንም |

## ለማን የትኛው?

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለሚማርና ጽሑፍና ኮድ ለሚሠራ ተማሪ ጥግ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ሥራ አያስተጓጉልም፤ ቅናሹን ወስዶ በተረፈው ጥሩ ኬብልና ስታቢላይዘር ቢገዛ ያዋጣዋል። ፎቶ ቤትና ቪዲዮ አርታኢ ግን ነጥብም ጭጋግም መቀበል የለበትም፤ የደንበኛ ፊት ላይ ያለ ነጥብ የፎቶው ይሁን የስክሪኑ በየቀኑ ያጠራጥረዋል። በግራጫው ምስል ላይ ደመና የመሰለ ጥላ ካለም ያስቀይር። ለጌም የሚገዛ 144 ኸርትዝ የተባለው በትክክል መምጣቱን በመጀመሪያው ቀን ይይ፤ በአሮጌ ኤችዲኤምአይ ማስገቢያ 60 ላይ ከቀረ በዲስፕሌይፖርት ይሞክር፤ ጉድለት ላይሆን ይችላል።

በጀቱ የጠበበ ገዢ አዲሱን ከነመስመሩ በግማሽ ዋጋ ከመውሰድ፣ ንጹህ ያገለገለ ሞኒተር በስድስቱ ምስሎች ፈትሾ ቢወስድ እንመርጣለን።

ለመሥሪያ ቤት ብዙ ሞኒተር ሲገዛ ፍተሻው ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ከመቁረጡ በፊት ይሁን። ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን ለ30 ደቂቃ አብርቶ፣ በስድስቱ ምስሎች አይቶ፣ ሴሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አመሳክሮ ይፈርም። በውሉ ላይም ተቀባይነት ያለው የፒክሰል ነጥብ ቁጥር ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ አቅራቢው የአምራቹን ቆጠራ ይጠቅሳል።